ልጄን ያሳመማት ጌሙ አይደለም

መጀመሪያ የመጣው ውኃ ጥም ነው። ትኩሳት የለ፣ ሳል የለ፣ ቁርጠት የለ። ልጄ አስቴር ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ወደ ጀሪካኑ ትሄድና አንድ ጆግ ውኃ ግጥም አድርጋ ትጠጣለች። ጥቂት ቁጭ ብላ ደግሞ ትነሣለች። ጊዜው ጥቅምት ነበር። ሌላ አገር በጥቅምት ዝናቡ ያባራል ይባላል፤ እኛ ሚዛን ከተማ ግን ገና ይወርዳል፤ እኔ ሹራብ ደርቤ ነው ገበያ የምውለው። በዚያ ብርድ እንዲህ የሚያስጠማት ምንድን ነው? ስጠይቃት፣ «እንጃ እማ፣ አፌ ይደርቃል» አለችኝ።

ይህን የምጽፈው ልጇ ውኃ ያበዛባት እናት እንድታነበው ነው። እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ገበያ ውስጥ ኮረሪማ፣ ጥምዝና እርድ እሸጣለሁ። ባለቤቴ ተካ ቴፒ ቡና እርሻ ውስጥ የሠራተኛ መኪና ይነዳል፤ ቤት የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ነው። አስቴር አንድ ልጃችን ናት፤ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ስለ ሕክምና የማውቀው በልጄ ላይ የደረሰውን ብቻ ነው። እሱን ግን በደንብ አውቀዋለሁ።

ውኃ ያበዛ ሰው ሽንት ያበዛል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ወደ ውጭ ስትወጣ ብዙም አልገረመኝም። መምህሯ ግን አስጠራኝ።

«ክፍል ገብታ ሳትቆይ ለሽንት ትጠይቃለች። ስትመለስ ዴስኩ ላይ ተኝታ ታንቀላፋለች። ቤት ምንድን ነው የምትሠራው?» አለኝ።

እውነቱን ተናገርኩ። ጥናቷን ስትጨርስ ስልኳ ላይ ጌም ትጫወታለች አልኩት።

«በቃ፣ ታወቀ» አለ።

ያቺ «ታወቀ» የምትባል ቃል ልጄን ልትገድልብኝ ነበር።

ጌም የምለው ይህ ነው። አባቷ አዲስ ስልክ ሲገዛ አሮጌውን ለእሷ ሰጣት። እሷም ብዙ ሰው በኢንተርኔት ተገናኝቶ አብሮ የሚጫወተውን አንዱን ጫነችበት። ዘንዶ አለ፣ ጭራቅ አለ፣ የወደቀ ግንብ አለ። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ይሆናል፤ ያ ሰው በጫካ ይሄዳል፣ ይዋጋል፣ ዕቃ ይሰበስባል፣ እየዋለ እያደረ ይበረታል። አስቴር ቀስተኛ ነበረች። ከተለያየ ከተማ የሆኑ ልጆች ያሉበት ቡድን ነበራት። እኔ ያኔ በትከሻዋ በኩል ከማየት አልፌ ምንም አላውቅም ነበር። ስለማላውቀውም ሰዎች ያሉኝን አመንኩ።

አንድ ጠዋት አንሶላዋን ከጓሮ ደብቃ ስታጥብ ደረስኩባት። አሥራ አራት ዓመት የሞላት ልጅ። ምንም አላልኳትም፤ ተቀብዬ ራሴ አጠብኩት። ከዚያ ፍራሹን ላሰጣ ሳነሣው ሽንት የነካው ቦታ በሙሉ ትንንሽ ጥቁር ጉንዳን ወርሮታል። ቆሜ አየሁት። እኛ ቤት ጉንዳን የሚወርረው የፈሰሰ ሻይና የሸንኮራ ልጣጭ ነው። ሽንት ላይ ምን አገኘ? የሆነ ነገር አለ አልኩ በልቤ። ምን እንደሆነ ግን መናገር አልቻልኩም።

ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ከአጥር ማዶ አዩኝ። እሳቸው በቤተ ክርስቲያናችን የእናቶች ጸሎት መሪ ናቸው፤ ሰፈሩ የሚሰማቸው ሴት ናቸው።

«የማን ፍራሽ ነው?» አሉኝ።

ፍራሹን ገለበጥኩት።

«የእሷ ነው አይደል? ጌሙ ነው፣ አንቺ ልጅ! ጭራቅ ሲገድሉ ውለው በእንቅልፋቸው አይባንኑም? የእህቴን ልጅ አይቻለሁ እኮ። መንፈስ አለበት። ስልኩን አምጪልኝ፣ እኔ ጋ ይቀመጥ።»

ሰጠኋቸው። አስቴር፣ «እማ፣ የቡድኑ ልጆች ምን ይሉኛል?» ብላ አለቀሰች። ስልኩ እትዬ ብርቄ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት። ጥሙ ግን አልተቆለፈም። ልጄ ጌም ካየች ሰንብታ እንኳ ጀሪካን ታጋምስ ነበር። ይህን ለማስተዋል ምን ትምህርት ይፈልጋል? እትዬ ብርቄን ብጠይቃቸው፣ «ሱሱ ሲለቅ እንዲህ ያደርጋል» አሉኝ። ብትጫወት ጌሙ ነው፤ ብትተው የጌሙ ሱስ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ምን መውጫ አለው?

ከዚያ ከሳች። ዝም ብሎ መክሳት አልነበረም፤ ጉርድ ቀሚሷ ከወገቧ እየወረደ በመርፌ ቁልፍ ነበር የምይዘው። እንግዲህ በእኛ አገር ለከሳና ለደከመ ልጅ መድኃኒቱ ማር ነው። ተካ በሾፌር ጓደኛው በኩል ከማሻ ነጭ ማር አስመጣ፤ የጫካ ማር፣ ምንም ያልተቀላቀለበት። በየጠዋቱ በሾርባ ማንኪያ እሰጣት ነበር። ከላዩ ሙዝ፣ አናናስ፣ የምታገኘውን ሁሉ። ትበላለች፤ ትከሳለች። ማንም «ተይ» አላለኝም። የጠየቀኝ ሁሉ «ማሩን ጨምሪላት» ነው ያለኝ።

ክሊኒክ ወሰድኳት። የክሊኒኩን ስም አልጠራም። ጤና መኮንኑ የወባ ምርመራ አዘዘ፤ የለም ተባለ። ታይፎይድ አለ ተባለ። እኔ ሁሉንም በዝርዝር ነገርኩት፤ ጥሙን፣ ሽንቱን፣ መክሳቷን። ጉንዳኑንም ነገርኩት። ሳቀ።

«ጉንዳኑንም ይዘሽው መምጣት ነበረብሽ፣ እሱንም እንመረምረው ነበር» አለኝ። ከዚያ ወደ አስቴር ዞሮ፣ «አንቺ፣ ጌም ታበዣለሽ አይደል? ዐይንሽ ያስታውቃል» አላት። ለእኔ፣ «ደክማለች፣ ግሉኮስ ይሰቀልላት» አለኝ።

ተሰቀለላት።

ግሉኮስ ስኳር ነው። ያኔ እኔ አላውቅም ነበር። እሱ ግን ያውቃል፤ ተምሮታል። ከጣቷ ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም ወስዶ በትንሽ ማሽን ቢያይ ይበቃው ነበር። ማሽኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ምን እንደሆነ ሳላውቅ በዐይኔ አይቼዋለሁ፤ በኋላ ሆስፒታል ያንኑ የመሰለውን ሳየው ነው የገባኝ።  ጉንዳን ያወቀውን እሱ ሊያውቅ አልፈለገም።

በማግስቱ አስመለሳት። ውኃም አልቆይ አለ። ከሰዓት በፊት አተነፋፈሷ ተቀየረ። ጥልቅ ነው። ፈጣን ነው። ዳገት ሮጦ የወጣ ሰው ትንፋሽ ነው። እሷ ግን ተኝታለች። ወደ አፏ ተጠጋሁ። የበሰበሰ አናናስ ሸተተኝ። ጠራኋት። ዐይኗን ገለጠች። አላወቀችኝም።

እትዬ ብርቄ ከእናቶቹ ጋር ለጸሎት መጥተው ነበር። እጃቸውን ጫኑባት። እኔም አብሬ ጸለይኩ። ከዚያ ተነሥቼ ባጃጅ ጠራሁ።

«ሳንጨርስ?» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ሆስፒታልም አለ» አልኳቸው።

ሆስፒታል ያገኘችን ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። አልጠየቀችኝም፤ መጀመሪያ አስቴርን አሸተተቻት። ከዚያ ጣቷን ወጋች። ማሽኑ ቁጥር አላወጣም። ሁለት ፊደል ብቻ ጻፈ።

«ምንድን ነው የሚለው?» አልኳት።

«‹ሃይ› ነው የሚለው፣ እናት። ማሽኑ ሊለካው ከሚችለው በላይ ሆኗል ማለት ነው።»

ሽንቷ ተመረመረ። ኬቶን የሚሉት አሲድ አለ ተባለ። ዶክተሯ ዞር ብላ በዝግታ ነገረችኝ። «ዲኬኤ ይባላል። ዲያቤቲክ ኬቶአሲዶሲስ፤ አሲዱ ደሟን መርዞታል ማለት ነው። ልጅዎ የስኳር ሕመም አለባት። ታይፕ ዋን የሚባለው።»

«ስኳር የትልልቅ ሰዎች አይደለም እንዴ?»

«ይኼኛው ብዙ ጊዜ ልጆችንና ወጣቶችን ነው የሚይዘው።»

«ትተርፋለች?»

አላባበለችኝም። «ዛሬን ትለፍልን» አለች።

ፈሳሽ ገባላት። ኢንሱሊን ገባላት። ነርሷ እየመጣች ጣቷን ትወጋለች። ማሽኑ «ሃይ» ይላል። ደግሞ ትመጣለች። «ሃይ» ይላል። ተካ ከቴፒ ደረሰ። ጫማው ጭቃ ነበር።  እሱ በእግሯ በኩል ቆመ፤ እኔ በራሷ በኩል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ማሽኑ ቁጥር አወጣ። ትልቅ ቁጥር ነው። ቢሆንም ቁጥር ነው። ነርሷ፣ «ይኸው ቁጥር ሆነ» ብላ ፈገግ አለች። ቁጥር እንዲህ ሰውን ሊያስለቅስ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

አስቴር ነፍሷን ባወቀች ጊዜ መጀመሪያ የተናገረችው፣ «እማ፣ ስልኬስ?» የሚል ነው። ተካ ሳቀ። እኔ ግን የሰፈሩ ወሬ ትዝ ብሎኝ ደነገጥኩና ዶክተሯን ጠየቅኳት፤ «ጌሙ ነው እንዴ ያመጣባት?»

«የምን ጌም?» አለች። ነገርኳት። መምህሩን፣ እትዬ ብርቄን፣ ጤና መኮንኑን። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ሆዳችን ውስጥ ቆሽት አለ። ኢንሱሊን የሚያመነጨው እሱ ነው። የአስቴርን ቆሽት የገዛ ሰውነቷ መከላከያ በስሕተት አጥቅቶታል፤ ስለዚህ ኢንሱሊን ማመንጨት አቁሟል። ጌም ይህን አያመጣም። ማርም አያመጣውም፤ ከያዛት በኋላ ስኳሯን ከፍ አድርጎባታል እንጂ። እርስዎም አላመጡባትም።»

እኛ ስንናደድ «ቆሽቴ አረረ» እንላለን። ያን ቀን በእውነት አረረ። ስንት ቀን ነው ልጄ ዐይናችን እያየ የቀለጠችው? ስንት ሰው ነው «ታወቀ» ያለኝ? አንድ እንኳ «እስቲ ትለካ» ያለ የለም።

«ቤቴ ስገባ ያንን ማር ነው የምደፋው» አልኳት።

«እንዳይደፉት» አለች። «ከአሁን በኋላ ኢንሱሊን በመርፌ ትወስዳለች። ኢንሱሊን ወስዳ ምግብ ከዘገየ ስኳሯ ከመጠን በላይ ይወርዳል። ያንቀጠቅጣታል፣ ያልባታል፣ ግራ ይገባታል፣ ራሷንም ልትስት ትችላለች። ያን ጊዜ ማሩ ነው የሚያስፈልግዎት። መዋጥ ከቻለች ይስጧት፤ ካልቻለች በጎን አስተኝተው ከጉንጯ በውስጥ በኩል ትንሽ ትንሽ ይቀቡላት። አፏ ውስጥ ግን እንዳያፈሱ፤ ያንቃታል። ከዚያ ወደ እኛ።»

ቤት ገብተን ማሩን ቁምሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩት።

ማገገም ቀስ እያለ ነው የመጣው፣ እንደ በጋ መግቢያ፤ አንድ ቀን ፀሐይ ይወጣል፣ በማግስቱ ይደፈርሳል፣ ግን እያደር ፀሐዩ ይበዛል። ነርሷ ኢንሱሊኑን እንዴት እንደምንስብ፣ መርፌውን ሆድና ጭን ላይ ቦታ እየቀያየርን እንዴት እንደምንወጋ አስተማረችን፤ እኔ መርፌውን ይዤ ዐይኔን ስጨፍን አስቴር መርፌውን ከእጄ ወስዳ፣ «አምጪው እማ፣ አንቺ ከወጋሽኝ ግድግዳውን ነው የምትወጊው» ብላ ራሷን ወጋች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ወግቷት አያውቅም። ማቀዝቀዣ ስለሌለን፣ ነርሷ እንዳሳየችን፣ ኢንሱሊኑን በትንሽ ማሰሮ አድርገን ማሰሮውን በትልቅ ገንቦ ውስጥ በእርጥብ አሸዋ ከበብነው፤ አሸዋውን ማርጠብ ቅዳሜና እሑድ የተካ ሥራ ነው፤ በሌላው ቀን የእኔ። ጉንጯ ሞላ፣ ጉርድ ቀሚሷ ያለ መርፌ ቁልፍ ወገቧ ላይ ቆመ።

እትዬ ብርቄ ዘንድ ሄጄ ስልኩን ጠየቅኩ።

«ደግሞ ልትሰጫት?» አሉኝ።

«በሽታው ሌላ ነው፣ እትዬ ብርቄ። ማርና ስኳር ነው መርዟ» አልኳቸው። ቸኩዬ ነበርና ይህችኑ ብቻ ተናግሬ ወጣሁ።

አሁን ስለ ጌሙ ልናገር። ልጄን ገደለ ሊባል የነበረውን ነገር በገዛ ዐይኔ ማየት አለብኝ ብዬ ነው የገባሁበት። መንፈስ ካለበትም ላገኘው። አስቴር ሳቀች፤ ግን በስልኬ ጫነችልኝ።

ገና ከበሩ ተናደድኩ። ስም ጻፊ ይላል፤ በገዛ ፊደላችን ስጽፍ አልቀበልም አለ። የእንግሊዝ ፊደል ካልሆነ ሰው አይደለሽም ማለት ነው። ቀጥሎ ምን ትሆኛለሽ ይላል፤ ሰይፈኛ፣ ቀስተኛ፣ አስማተኛ፣ ፈዋሽ። አስማተኛ አልሆንም፤ ጌታን አውቃለሁ። ፈዋሽ ሆንኩ፤ ልጆቹ «ሂለር» ይሉታል። ሴቷ ብቅ ስትል እምብርቷ ሜዳ ላይ ነው። አጠገቧ የቆመው ወንድ ከአንገቱ እስከ እግር ጥፍሩ ብረት ለብሷል።

«ሴትን እምብርቷ ላይ ሰይፍ አይወጋትም?» አልኳት አስቴርን።

«እማ፣ እየበረታሽ ስትሄጂ ልብስ ታገኛለሽ።»

«ሳልበረታ ነው እንጂ ልብሱ የሚያስፈልገኝ!»

ከዚያ መላላክ ነው። መንደሩ ውስጥ በራሳቸው ላይ ቢጫ ምልክት ያለባቸው ሰዎች ቆመዋል። አንዱ የተኩላ ቆዳ አምጪ ይላል። ጫካ ለጫካ ዞሬ አመጣሁለት። በማግስቱ ደግሞ ያንኑ ጠየቀኝ። ትናንት ያመጣሁለት የት ሄደ? እግዚአብሔር ይስጥሽ የለም፣ ተቀመጪ የለም። አገሩ ሁሉ አይበላም፤ ያን ያህል ሲዋጋ ውሎ ቁራሽ የሚቀምስ አላየሁም። ጫካውም ውሸት ነው። እኔ ኮረሪማ ከሚለቀምበት ጫካ ዳር ያደግሁ ነኝ። ጫካ ሥሩ ጭለማ ነው፣ ሐረግ ይይዝሻል፣ ቅጠል ሲነካሽ ትረጥቢያለሽ፣ ጉሬዛ ከላይ ይጮኽብሻል። የነሱ ጫካ እንደ ቢሮ ተጠርጓል። አልዋሽም፣ የወንዙ ውኃ ያምራል። ፀሐይ ስትጠልቅበት ሥራዬን ትቼ ያየሁት ቀን አለ። ግን ቆም ብለሽ እንዳታዪው «ግዢ፣ ግዢ» የሚል ነገር ፊትሽ ላይ ይደቀናል፤ የመናኸሪያ ደላላ እንኳ እንደዚያ አይጨቀጭቅም።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን ሕመሙ ነው። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ላይ ቀይ መስመር አለው። ሲቆስል መስመሩ ያጥራል፤ ሲያልቅ ይሞታል። ሲታመም ቀይ ጠርሙስ ይጠጣል፣ ወዲያው ይድናል። ቢሞትም ከመንደሩ በር ላይ ልብሱን አራግፎ ይነሣል። እኔ ልጄ «ሃይ» በሚል ማሽን ፊት ተኝታ ያየኋት እናት፣ ይህን ሳይ ስልኩን ልወረውረው ነበር። ሞቶ መነሣት እንዲህ የሚቀለድበት ነገር ነው? ደግሞም ቀናሁ። ልጄ በራሷ ላይ ቀይ መስመር ቢኖራት ኖሮ፣ ያ ጤና መኮንን ማጠሩን ያይ ነበር።

መንፈሱን ፈልጌ አጣሁት። ያገኘሁት ልጆችን ነው። አማርኛውን በእንግሊዝ ፊደል ይጽፉታል፤ እኔ እየቆጠርኩ ነው የማነበው። የቡድኑ መሪ ራሱን «ነብሮ» ብሎ የሚጠራ፣ አርባ ምንጭ የሚማር ልጅ ነው። ፈዋሽ ሥራዋ ከተዋጊዎቹ ኋላ እየተከተለች መስመራቸውን መሙላት ነው። ሲያሸንፉ ስሟ አይነሣም፤ ሲሞቱ ግን ጥፋቱ የእሷ ነው። እንደ እናትነት ማለት ነው። አንድ ቀን ደንበኛ መጥቶብኝ ዞር ስል ሁሉም አለቁ።

«ሂለሯ የት ገባች? ተኛች እንዴ ይቺ ሰነፍ!» ብሎ ጻፈ ነብሮ።

ፊደል በፊደል ለቅሜ መለስኩለት፤ «ልጄ፣ አልተኛሁም። ኮረሪማ እየመዘንኩ ነው።»

 ከዚያ የሳቅ ምልክት ወረደ። ከዚያ ወዲህ ስሜ «እማማ ሂለር» ሆነ፤ ስድቡም ቀረልኝ።

ንዴቴን በሙሉ ይዤ ለምን እንደቀጠልኩ ልንገራችሁ። አስቴር ጠዋት ትማራለች፤ ከሰዓት ቤት ብቻዋን ናት፤ እኔ ገበያ ነኝ። ፍርሃት ገደለኝ። በየደቂቃው እደውላለሁ፤ «እንዴት ነሽ? በላሽ? ለካሽ?» አንድ ቀን፣ «እማ፣ በሽተኛ መሆኔን እኔም ልርሳው እንጂ!» ብላ ጮኸችብኝ። ልክ ናት። መደወሉን ተውኩ። ከዚያ ይልቅ ከሰዓት ገበያው ሲቀዘቅዝ ጌሙ ውስጥ እገባለሁ። እዚያ ቀስቷን ይዛ ስትሮጥ ካየኋት ደህና ናት። አልጠይቃትም። ትንሽ አብሬያት ሄጄ ወደ ሚዛኔ እመለሳለሁ።

አንድ ሐሙስ ዘንዶ ሊገድሉ ተነሡ። እኔም ከኋላ አለሁ። ዘንዶው እሳት ይተፋል፤ ሁሉም ይሸሻል። አስቴር ቆማለች። «አስቱ ሽሺ!» ይላል ነብሮ። አትሸሽም። መስመሯ አጠረ። ሞላሁላት። አልተንቀሳቀሰችም። አጠረ። ሞላሁላት። አልተንቀሳቀሰችም። ወደቀች።

ደወልኩ። አታነሣም። ለእትዬ ብርቄ ደወልኩ።

«አስቴር ጋ ይግቡልኝ! አሁኑኑ!»

ሲገቡ ይሰማኛል። «ተኝታለች» አሉኝ። «ላብ በላብ ሆናለች። ብጠራት አትሰማም። ስልኩ እጇ ላይ ነው! አላልኩሽም?»

«ቁምሳጥኑ ላይ ማር አለ። በጎን አስተኝተው ከጉንጯ በውስጥ በኩል ይቀቡላት።»

«ማር?! ስኳር ላለባት ልጅ? እኔ ነፍስ አላጠፋም!»

«እትዬ ብርቄ…»

«አንቺው አይደለሽ እንዴ መርዟ ነው ያልሽኝ!»

እውነታቸውን ነው። ብያለሁ። ሁለተኛውን ግማሽ ግን አልነገርኳቸውም። እያወራሁ ባጃጅ ውስጥ ገብቻለሁ። ሾፌሩ በጭቃው መሐል ይነዳል። እኔ እጮሃለሁ።

«ካላባት መርፌውን ወስዳ ምሳ አልበላችም ማለት ነው! አሁን ስኳሩ አልቆባታል! ማሩ ካልገባላት ትሞትብኛለች! እትዬ ብርቄ፣ በጌታ ስም!»

ክዳን ሲከፈት ሰማሁ። «ኢየሱስ ጌታዬ፣ ኢየሱስ ጌታዬ» ይላሉ።

«ትንሽ ትንሽ ነው። ወደ ጉሮሮዋ እንዳይገባ።»

«እሺ። እሺ። ዝም በይ አንቺ፣ እየቀባሁ ነው።»

ስደርስ እትዬ ብርቄ መሬት ላይ ተቀምጠው ልጄን ደረታቸው ላይ አስደግፈዋታል። አገጯ ማር በማር ነው። የእሳቸውም ቀሚስ ማር በማር ነው። አስቴር ዐይኗን ገልጣ አየችኝ። አወቀችኝ።

«እማ፣ ዘንዶው ጨረሰን?»

«የምን ዘንዶ ነው የምታወራው?» አሉ እትዬ ብርቄ በድንጋጤ።

ዳቦ አበላኋት፤ ለካኋት፤ ሆስፒታል ወስጄ አሳየኋት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከምሳ በፊት ያለውን መርፌ ወስዳ ምግቡን ልታቀርብ ስትል ውጊያው ተጀመረ። ያ ጌም ማቆሚያ የለውም። ትተሽ ከወጣሽ ቡድንሽን አስገድለሻል ይባላል። እዚህ ላይ የሠሩትን ሰዎች ይቅር አልላቸውም። ዘንዶን የሚያክል ነገር ያሰቡ ሰዎች፣ ለአንድ ልጅ ምሳ መብያ ጊዜ ማሰብ እንዴት አቃታቸው? ጌሙ ልጄን አላሳመማትም። ባልሠራው ጥፋት ሲከሰስ ተከራክሬለታለሁ። በሠራው ግን እኔው እከሰዋለሁ።

ስልኬን ስከፍት ከነብሮ የመጣ መልእክት ተደርድሯል። «እማማ ሂለር፣ አስቱ ደህና ናት?» «እማማ፣ መልሺልን እንጂ።» አስቴር ስለ በሽታዋ ለማንም ነግራ አታውቅም ነበር፤ ያን ቀን ራሷ ጻፈችላቸው። አሁን ውጊያ ከመጀመሩ በፊት ነብሮ አንድ ነገር ይጽፋል፤ «አስቱ፣ በልተሻል?» በላሁ ካላለች አይጀምሩም። አንዱ ከደሴ፣ አንዱ ከነቀምቴ፣ ፊታቸውን የማላውቃቸው ልጆች ተሰልፈው ቆመው ልጄ ምሳዋን እስክትጨርስ ይጠብቃሉ። ማቆሚያውን የጌሙ ሠሪዎች አልሠሩትም፤ እነዚህ ልጆች ሠሩት።

እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ያቺን ዶክተርና ነርሶቹን አመሰግናለሁ። አሸዋውን የሚያረጥበውን ተካን አመሰግናለሁ። እትዬ ብርቄን አመሰግናለሁ፤ ነፍስ ያጠፉ እየመሰላቸው፣ እየፈሩ፣ ማሩን የቀቡልኝ እሳቸው ናቸው። አሁን በእናቶች ጸሎት ላይ ከመዝሙሩ በፊት ተነሥተው፣ «ልጅሽ ውኃ ካበዛ፣ ሽንት ካበዛ፣ ከከሳ፣ መጀመሪያ ሆስፒታል፤ ጸሎቱን እዚያው እንመጣልሻለን» ይላሉ። «ጌሙን ግን አልወደውም» አሉኝ በቀደም። «እኔስ መች ወደድኩት?» አልኳቸው።

እንግዲህ አንቺ እናት፣ ልጅሽ እንደ ልጄ ከሆነብሽ፣ ፍራሹን አይተሽ አትሸማቀቂ፤ ያየሽውን ሁሉ ለሐኪም ተናገሪ፣ ቢስቁብሽም ተናገሪ። ግሉኮስ ልስቀል የሚልሽ ካለ መጀመሪያ ስኳሩን ለካልኝ በዪው። በሽታው ከታወቀ በኋላ ማሩን አርቀሽ አስቀምጪ፣ አትድፊው፤ ለምን እንደተቀመጠም ለጎረቤትሽ ሙሉውን ንገሪ፣ ግማሹን አይደለም። መርፌው ከተወሰደ ምግቡ አይዘግይ፤ ዘንዶም ቢመጣ አይዘግይ።

ደግሞም «ጌሙ ነው»፣ «ስልኩ ነው»፣ «ታወቀ» ይሉሻል። ጣቱን ወግተው ካላዩ፣ አልታወቀም በያቸው።